መርፌ የበላው ሸክላ

በሙዚቃ ሸክላ ሰብሳቢዎች ገበያ ትልቁን ዋጋ የሚያወጣው ማንም ሰምቶት የማያውቅ ሸክላ ነው። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ያስቀኛል። በኢንተርኔት የሚሸጡ ነጋዴዎች ለእያንዳንዱ ሸክላ ደረጃ ይሰጣሉ። ከሁሉም በላይ የሚቀመጠው ከፋብሪካ እንደወጣ ያለ፣ መርፌ ያልነካው፣ ሽፋኑ ያልተላጠ ነው። ከሥሩ አዲስ ለመባል ጥቂት የቀረው ይመጣል፤ ከዚያ «በጣም ጥሩ»፣ ከዚያ «ጥሩ»፣ ከዚያ «ደካማ»። ለጀማሪ አስቀድሜ ልንገር፦ «በጣም ጥሩ» ማለት ሲጫወት የሚንጫጫ ማለት ነው፤ «ጥሩ» የተባለውን ደግሞ አደራ አትግዙ። ነጋዴዎቹ ስለ ፕላስቲክ ጤንነት የሚያወሩ ይመስላቸዋል እንጂ የሚለኩት ሌላ ነገር ነው፤ ሰው ይህን ዘፈን ምን ያህል ወደደው? ብዙ የተወደደ ዋጋው ይወድቃል፤ ተገዝቶ የተረሳ ይከብራል።

እኔ የምኖረው ባሕር ዳር ነው። በዚህ ከተማ መርፌ ያልነካው ሸክላ የያዘ ቤት ገጥሞኝ አያውቅም። ሸክላ የገዛ ሰው ሊያጫውተው ገዛ፤ አጫወተውም፤ ካሴት እስኪመጣ ድረስ አጫወተው። ስለዚህ እዚህ ተቀምጦ ሸክላ የሚሰበስብ ሰው ሁለት ምርጫ አለው፤ ወይ ሲያማርር ይኖራል፣ ወይ የተበላውን መውደድ ይለምዳል። እኔ ለምጃለሁ። አሁንማ ከልማድ አልፎ፣ ሁለት ቅጂ ቢቀርብልኝ የማነሣው የተበላውን ነው። ወዳጆቼ ይህን የምለው ጤነኛውን የምገዛበት ገንዘብ ስለሌለኝ ይመስላቸዋል። እሱም ውሸት አይደለም፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው።

በሸክላ ላይ ያለው ድምፅ ቦይ ነው። ከጠርዙ ተነሥቶ እየተጠመዘዘ ወደ መሃል የሚሄድ አንድ ረጅም ቀጭን ቦይ። ግድግዳዎቹ የዘፋኙን ድምፅና የመሣሪያዎቹን ንዝረት ቅርጽ ይዘው ይወዛወዛሉ፤ መርፌው በመካከላቸው ሲያልፍ ግራና ቀኝ ይገፈተራል፤ ግፍትሪያው ወደ ኤሌክትሪክ ተለውጦ በድምፅ ማጉያው ይወጣል። እንግዲህ ሁለት ነገሮች ሲፋተጉ አንደኛው ማለቁ አይቀርም። የዛሬ ጥሩ ማጫወቻ መርፌውን ሁለት ግራም በሚያህል ክብደት ብቻ ያሳርፋል። በአባቶቻችን ሳሎን የነበሩት ግን ከዚያ ሁለትና ሦስት እጥፍ የሚጫኑ ነበሩ፤ መርፌውም ደንዝዞ ዓመታት ያልፉት ነበር። መርፌ መቀየር እንዳለበት የነገራቸው ሰው አልነበረም፤ ቢነግራቸውስ ከየት ይገዙታል?

ቦዩ ሲበላ ደግሞ በእኩል አይበላም። መጀመሪያ የሚጎዳው ድምፁ የሚጮኽበት ነው፤ ሳክስፎንና ትራምፔት በአንድነት ሲነሡ፣ ዘፋኟ ድምፅዋን ከፍ ስታደርግ። በትልቁ ሸክላ ላይ ወደ መሃል የተቀመጠው ዘፈን ከሌሎቹ በፊት ይሻክራል፤ ምክንያቱም የማሽከርከሪያው ፍጥነት አንድ ቢሆንም በመሃሉ ያለው ክብ ትንሽ ስለሆነ ያው ድምፅ በአጭር ርቀት ተጨናንቆ ነው የተቀረጸው። ይህ ሁሉ የፊዚክስ ጉዳይ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ግን የሰው ነው። ሸክላውን በመስኮት ብርሃን አቅጣጫ ዘንበል አድርጋችሁ ብታዩት ብዙ የተጫወተው ክፍል አመድማ ይሆናል፤ ያልተጫወተው እንደ ጥቁር መስታወት ያበራል። አምስት ዘፈን ባለው ገጽ ላይ ሦስተኛው ብቻ አመድ ለብሶ ታገኙታላችሁ። ከዘፈኑ መግቢያ ላይ በእጅ የተጣለ መርፌ የጫረው ጭረት ታያላችሁ፤ አንዱ በሌላው ላይ፣ ብዙ። አንድ ሰው ከማጫወቻው አጠገብ ቆሞ፣ ዘፈኑ ባለቀ ቁጥር መርፌውን እያነሣ ወደዚያው ሲመልሰው አምሽቷል ማለት ነው። ማን እንደሆነ አላውቅም። ያመሸበትን ግን በጣቴ እዳስሳለሁ።

ሌላ ሙዚቃ የሚቀመጥበት ነገር ይህን አይነግርም። ካሴት ሲያረጅ ሁሉም ዘፈን አብሮ ይደበዝዛል። ሲዲ ወይ ይሠራል ወይ አይሠራም። በስልክ ያለው ፋይል ሺህ ጊዜ ቢከፈትም ያው ነው።

ሰው ስለ ሸክላ ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የሚያነሣው ስለ ድምፅ ጥራት ነው። ሸክላ «ሞቃት» ድምፅ አለው ይባላል። እኔ በዚህ ክርክር ውስጥ አልገባም፤ ከገባሁም የምቆመው ከሲዲ ጎን ነው። በዝቅተኛውና በከፍተኛው ድምፅ መካከል ያለውን ልዩነት በመሸከም፣ ከጀርባ የሚሰማን ሹክሹክታ በማጥፋት፣ ሲዲ ከሸክላ ይበልጣል፤ ይህ በመሣሪያ የሚለካ ነው። ጥርት ያለ ድምፅ የሚፈልግ ሰው ሸክላ አይግዛ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ 41 ሚሊዮን ያህል ሸክላ ተሸጦ 33 ሚሊዮን ከተሸጠው ሲዲ በልጧል፤ በቁጥር ሲበልጥም ከ1987 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። ያ ሁሉ ሰው ጆሮው ድንገት ስለተከፈተ አይመስለኝም። የሚያዝ፣ የሚገለበጥ፣ በመደርደሪያ ተቀምጦ «የእኔ ነው» የሚባል ነገር ፈልጎ ነው። በወር ክፍያ የሚሰማ ዘፈን ክፍያው ሲቋረጥ ይሄዳል። ሸክላ አይሄድም፤ ያረጃል እንጂ።

የእኛ የሸክላ ዓለም ደግሞ በጣም ትንሽ ነው፤ ለሰብሳቢ ትልቁ ፈተናም መጽናኛም ይኸው ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዓመታት ተሰማ እሸቴ ጀርመን ሀገር ሄዶ ከቀረጻቸው ሸክላዎች ወዲህ ለረጅም ጊዜ ሥራው በመንግሥት እጅ ነበር፤ ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት መብት የተሰጠው ለሀገር ፍቅር ቲያትር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 ግን አዲስ አበባ ውስጥ የሙዚቃ መደብር የነበረው ወጣቱ አምሃ እሸቴ ያንን ክልከላ ችላ ብሎ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን አሳተመ፤ ሸክላው ተጠፍጥፎ የመጣው ከሕንድ ነበር። ከዚያ በኋላ እስከ 1975 ድረስ ከ100 በላይ ነጠላ (በየፊታቸው አንድ ዘፈን የሚይዙ ትንንሽ) ሸክላዎችና አንድ ደርዘን ያህል ትልልቅ ሸክላዎች አወጣ። ዓሊ ታንጎ በሚል ስም የሚታወቀው ዓሊ አብደላ ካይፋም በራሱ ድርጅት ተከተለ፤ ፊሊፕስም በበኩሉ ያሳትም ነበር። የዚያን ዘመን ሙዚቃ ለዓለም ያስተዋወቀው ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እንደሚለው በእነዚያ አሥር የማይሞሉ ዓመታት የወጣው ሁሉ ተደምሮ 500 የማይሞሉ ነጠላዎችና 30 ያህል ትልልቅ ሸክላዎች ናቸው። በቃ። የጃማይካ ሸክላ የሚሰበስብ ሰው ዕድሜ ልኩን ሰብስቦ አይጨርስም፤ የእኛ ሙሉ ዘመን ግን በአንድ ሰው ክፍል ግድግዳ ላይ ይደረደራል።

ከአብዮቱ በኋላ ካሴት መጣ፤ በቤት ውስጥ ይገለበጣል፤ ርካሽ ነው፤ በሻንጣ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1978 አካባቢ ሸክላ ማሳተም አበቃ። የተረፉት ከአልጋ ሥርና ከቁም ሣጥን ላይ ወጡ። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1986 ክራምድ ዲስክስ የተባለው የብራስልስ ድርጅት የማሕሙድ አሕመድን «እሬ መላ መላ» አውሮፓ ውስጥ አሳተመ፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ የፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» የሲዲ ተከታታይ መውጣት ጀመረ፤ በ2005 ደግሞ አሜሪካዊው ዳይሬክተር ጂም ጃርሙሽ በፊልሙ ውስጥ የሙላቱ አስታጥቄን ሙዚቃ ተጠቀመበት። ከዚያ ወዲያ ከአልጋ ሥር ያለውን ሸክላ የሚጠይቅ ሰው በየከተማው መዞር ጀመረ።

የውጭ ገዢዎችን የምረግም አይደለሁም። እኛ ዝናብ ያስመታነውን እነሱ ጠርገው በፕላስቲክ ከረጢት አስቀምጠውታል፤ ይህን መካድ ነውር ነው። ሙዚቃውም አልሄደም፤ በስልኬ አለ፣ በድጋሚ በታተሙትም አለ፤ እነዚያን እኔም እገዛቸዋለሁ። የሄደው ሌላ ነገር ነው። በገዢዎቹ የደረጃ ዝርዝር ውስጥ «በመሃሉ ወረቀት ላይ ጽሑፍ አለበት» የሚል የጉድለት ዓይነት አለ። ጽሑፉ ምንድን ነው? የባለቤቱ ስም ነው! በቢክ እስክሪብቶ፣ በትልቁ፣ አንዳንዴም ከቀንና ከዓመተ ምሕረት ጋር። የጎረቤት ወጣት ለግብዣ ተውሶት እንዳይቀር የተጻፈ ነው። በአንዱ የእኔ ሸክላ ላይ ከስሙ ሥር «ይመለስ» የሚል ትእዛዝ አለ። ያ ስም ዋጋ የሚቀንስ እድፍ ሆኖ ይቆጠራል። እኔ ዘንድ ግን ስም ያለበት ሸክላ ስም ከሌለበት ይቀድማል፤ ለነጋዴዎች ይህን ባልነግራቸው ይሻል ነበር፣ ዋጋ ይጨምሩብኛል።

ሸክላ ባሕር ዳር እንዴት ገባ? ከተማዋ ወጣት ናት። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መግቢያ ሥራ ሲጀምር፣ ፖሊቴክኒኩ እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ሲከፈት፣ ደመወዝተኛ የሚባል ሰው በብዛት መጣ፤ መምህር፣ መካኒክ፣ የሂሳብ ሠራተኛ፣ የፈረቃ አለቃ። ደመወዝተኛ ደግሞ ሬዲዮ ይገዛል፤ ሬዲዮ የገዛ ማጫወቻ ይመኛል። ቡና ቤቶችም ነበሩ። በሸክላዎቹ ወረቀት ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር የተጻፈባቸውን ሳገኝ የቡና ቤት መሆናቸውን እገምታለሁ፤ ከሁሉም የተበሉት እነሱ ናቸው፤ ቢራ የነካቸውም አይታጡም። ከዚህም ሌላ በዚህች ከተማ ሌላ ቦታ የማይጠበቅ ነገር ይገኛል፤ ሜሎዲያ የሚባለው የሶቪየት ማተሚያ ሸክላዎች፣ ዋጋቸው በሩብልና በኮፔክ በመሃላቸው ላይ የታተመ። አንዴም ክሩጎዞር የተባለ የሩሲያ መጽሔት አገኘሁ፤ በገጾቹ መካከል እንደ ወረቀት የሚተጣጠፉ ሰማያዊ ሸክላዎች ተሰፍተውበታል። እስከ ዛሬ ይጫወታሉ። ምን እንደሚሉ ባላውቅም አንዱ ሰውዬ በጣም ተቆጥቶ ነው የሚናገረው።

ሸክላ ፈልጎ ቅዳሜ ገበያ መሄድ ዋጋ የለውም። ትክክለኛው ሰው ሬዲዮ ጠጋኙ ነው። በየሰፈሩ አንድ አለ፤ ከተከፈተ ቴሌቪዥን ጀርባ ተቀምጦ ቆርቆሮ የሚያቀልጥ። ማን ቤት የቆመ ማጫወቻ እንዳለ የሚያውቀው እሱ ነው፤ ለዓመታት «እስኪ እየው» ሲባል ኖሯልና። መኪና የሚገዛ ሰው ደላላ አለው፤ ለእኔ ደላላዬ ጠጋኙ ነው፤ ድርሻውንም ይወስዳል።

የጣና ዳር ኑሮ ለሸክላ መልካም አይደለም። ከሰኔ እስከ መስከረም እርጥበቱ ወረቀቱ ላይ ሻጋታ ያበቅላል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ፀሐይ ደግሞ በመስኮት ገብቶ ሸክላውን ያጣምመዋል። የተጣመመ ሸክላ መርፌውን እንደ ታንኳ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል፤ ከሁለት መስታወት መካከል አድርጎ ማቃናት ይቻላል የሚሉ አሉ፣ እኔ ግን ደፍሬ አልሞከርሁትም። ሻጋታውን ግን ታጠቡት። የተጣራ ውሃ፣ ጥቂት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ ለስላሳ ብሩሽ፤ በቦዩ አቅጣጫ እንጂ በተቃራኒው አይደለም፤ የመሃሉ ወረቀት እንዳይርስ ተጠንቀቁ። በደቂቃ 78 ዙር የሚሽከረከሩትን ጥንታዊዎቹን በአልኮል እንዳትነኳቸው፤ የተሠሩበት ሙጫ በአልኮል ይሟሟል፤ ሸክላው በእጃችሁ ላይ ወደ ጭቃ ይለወጣል። ሲቀመጡም እንደ መጽሐፍ ቆመው እንጂ ተደራርበው አይደለም።

ማጫወቻውን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው ሲሳሳትበት አይቻለሁ። ለአንድ ወዳጄ አሜሪካ ያለ ዘመዱ አሮጌ ግን ያማረ ማጫወቻ ላከለት። የ110 ቮልት ስለሆነ ትራንስፎርመር ገዝቶ ሰካው። ሠራ። ነገር ግን የተከፈተው የጥላሁን ገሠሠ ሸክላ ጥላሁንን አልመሰለም፤ ጉንፋን የያዘው ቄስ እንጂ። ሞተሩ የሚሽከረከረው በቮልቱ ሳይሆን በመብራቱ ድግግሞሽ ልክ ነው፤ የአሜሪካ በሴኮንድ 60 ነው፣ የእኛ 50። ስለዚህ በ45 ዙር መሄድ የነበረበት በ37.5 ይሄዳል፤ ትራንስፎርመር ይህን አይለውጠውም። ወዳጄ ዘፈኑን እንዲያውም በዚያው ፍጥነት ወደደው። «ትዝታ ሲሆን ይሻላል» ይላል። ከሱ ጋር አልከራከርም።

ስለ ትዝታ ከተነሣ፣ ባሕር ዳር ሆኖ ሸክላ መውደድ እንግዳ ነገር መሆኑን ማንሣት አለብኝ። እዚህ አገር ሙዚቃ ያለው አዝማሪው ዘንድ ነው። ማታ አዝማሪ ቤት ብትገቡ ማሲንቆውን ይዞ ወደ እናንተ ይመጣል፤ ልብሳችሁን፣ አብሯችሁ ያለችውን፣ የቢራችሁን ብዛት ገጣጥሞ ይዘፍናችኋል። ከተሰብሳቢው አንዱ «ተቀበል!» ይለዋል፤ ግጥም ያቀብለዋል፤ እሱም ተቀብሎ ይመልሰዋል። ዘፈኑ መቼ እንደሚያልቅ የሚወስነው ኪስ ነው። በማግስቱ ያንኑ ግጥም ዝፈንልኝ ብትሉት ከየት ያምጣው? የትናንቱ የትናንት ነበር።

ሸክላ የዚህ ተቃራኒ ነው። ትንሿ ነጠላ ሸክላ በአንድ ፊቷ የምትይዘው ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ነው። ትዝታ ደግሞ በተፈጥሮው ማብቂያ የለውም። የዚያ ዘመን ሙዚቀኞች ይህን መጨረሻ የሌለውን ነገር ለሦስት ደቂቃ መቁረጥ ነበረባቸው። ጌታቸው ካሳ ትዝታን በዝግታም በፍጥነትም ቀርጾታል፤ ሌሎች ዘፈኑን ለሁለት ከፍለው አንዱን ግማሽ በፊቱ፣ ሌላውን በጀርባው አደረጉት፤ ሰሚው በመሃል ተነሥቶ ይገለብጣል። መግቢያው ያጠረ፣ ነፋሾቹ ገብተው ቶሎ የሚወጡ፣ አንድ ትርፍ ቃል የሌለበት አሠራር በከፊል የመጣው ከዚህ ጥበት ይመስለኛል። ግርማ በየነ፣ ለማ ደምሰው፣ ሣህሌ ደጋጎ ሙዚቃ ሲያቀናብሩ ቦታው ተቆጥሮ እንደተሰጠው ሰው ነው የሠሩት። ካሴት ሲመጣ ቦታው ሰፋ፤ ዘፈኑም ረዘመ። ሁሌም ለጥቅም ረዘመ አልልም።

እናም ሸክላው ለሁሉም ያንኑ ቃል ይዘፍናል፤ ለጎንደሩም ለጅማውም። አዝማሪው ግን ለኔ ነው የዘፈነው። ይህ የሸክላ ድህነት ነው ብዬ አምን ነበር፤ የተበሉትን መስማት ከጀመርሁ ወዲህ ግን እርግጠኛ አይደለሁም። አንድ ቤት ውስጥ ሃምሳ ዓመት የኖረ ሸክላ ሌላ ቤት እንደኖረው መንትያው አይደለም። በ45 ዙር የሚሄድ ሸክላ ላይ አቋራጭ ጭረት ካለ መርፌው በየ1.33 ሴኮንዱ «ቀጭ» ይላል፤ ዘፈኑ የራሱ ምት አለው፣ ጭረቱ የራሱ፤ አንዳንዴ ይገናኛሉ፣ አንዳንዴ ይለያያሉ። ያንን ቅጂ ለዓመታት የሰሙ ሰዎች ዘፈኑን ከነቀጭታው ነው የሚያውቁት። አዝማሪው በጭብጨባ እንደሚታጀብ፣ እነሱም ሳያውቁት ሸክላውን አጅበውታል።

ግሽ ዓባይ ሰፈር ያገኘኋቸው እናት ይህን ከእኔ በተሻለ ያውቁታል። የላከኝ ጠጋኙ ነው። ባለቤታቸው የፋብሪካ ሰው ነበሩ፤ አርፈዋል። ማጫወቻው ከነሬዲዮው በትልቅ የእንጨት ሣጥን ውስጥ፣ በእጅ ሥራ ዳንቴል ተሸፍኖ፣ ላዩ ላይ የልጆች የምረቃ ፎቶ ተደርድሮበት ነበር። ቡና ተፈላ። ሁለተኛው እስኪወርድ ድረስ ስለ ሸክላ አልተነሣም፤ እንዲህ ያለ ቤት ገብቶ በአንደኛው ላይ ዋጋ የሚጠይቅ ሰው ዕቃ ይዞ አይወጣም።

«ምን ልታደርገው ነው ልጄ?» አሉኝ።

«እሰማዋለሁ፣ እማማ።»

«በስልክህ የለም?»

«አለ።»

«ታዲያ?»

ለዚህ የተዘጋጀ መልስ አልነበረኝም። እሳቸውም አልጠበቁም፤ ሸክላዎቹን አውጥተው በሁለት ከመሩ። በአንድ ወገን የሚያበሩትን፣ በሌላው የተጫጫሩትን። ለሚያበሩት ጥሩ አድርገው ዋጋ ጠሩ፤ ጠጋኙ እንደነገራቸው ግልጽ ነው። ተከራከርን፣ ተስማማን። ከዚያ የተጫጫሩትን በእጃቸው ጀርባ ገፋ አድርገው «ይኼ ምርቃት ነው» አሉኝ። እኔ የመጣሁት ለምርቃቱ እንደነበር ቢያውቁ ምን ይሉኝ ነበር? ዝም አልሁ፤ ዋጋውን ግን አልቀነስሁም።

ከምርቃቱ መካከል አንዲት ነጠላ ሸክላ ነበረች። ዘፋኟን አልጠራም፤ ምክንያቱ ቆይቶ ይገባችኋል። አንዱ ፊቷ እንደተገዛች ቀን ያበራል፤ ሌላው አመድ ነው፤ ቦዩ አለ ለማለት ያስቸግራል። ለምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«በሚያበራው በኩል ያለው ሬዲዮ የሚወደው ነው» አሉኝ። «ይኼኛው የእኛ ነበር። ሰዓት እላፊ በነበረ ጊዜ ወዴት ይኬዳል? ባለቤቴ ከፈረቃ ሲገባ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይከፍተዋል፤ ልጆቹ ተኝተዋል፤ እኔ እራት አሞቃለሁ። ሲያልቅ ይመልሰዋል። ሲያልቅ ይመልሰዋል። አንዳንዴ እኔው እቆጣለሁ፣ በቃ ብዬ።»

ማንም ነጋዴ ለዚያች ሸክላ «ደካማ» ከሚለው ደረጃ በላይ አይሰጣትም። ቤቴ ወስጄ አጠብኋት፤ አጫወትኋት። ድምፅዋ ከዝናብ ጀርባ እንደሚመጣ ነው፤ ነፋሾቹ ሲነሡ ሁሉም ነገር ይሰነጠቃል። ከዚያች በኋላ ያገኘሁትን ጤነኛ ቅጂ ግን ብዙም አልከፍተውም።

ለእማማ ቅጂ አደርስላቸዋለሁ ብዬ ስለነበር ዘፈኑን በኮምፒውተር ቀረጽሁት። ቀጭታውን እየለቀመ የሚያጠፋ ፕሮግራም አለ፤ ስለዚህ ሁለት አደረግሁት፤ አንዱን እንዳለ፣ ሌላውን አጽድቼ። የልጅ ልጃቸው በስልኳ ሁለቱንም ሰማችና የጸዳውን መረጠች፤ ሌላው ይረብሻል አለች። ልክ ናት፤ እሷ ያንን እራት አልበላችም። እማማ ግን ስልኩን ወደ ጆሯቸው አስጠግተው ሁለቱንም እስከ መጨረሻው ከሰሙ በኋላ አንድም አስተያየት አልሰጡም። ይልቅ «የዚያኛውንስ ፊት?» አሉኝ። አልገለበጥሁትም ነበር። «እሱንም አምጣልኝ፤ ያን ጊዜ አላዳመጥነውም፤ እስኪ ምን እንደሚል ልስማው።»

በሳምንቱ ይዤላቸው ሄድሁ። ያ ፊት ጥርት ያለ ነው፤ ምንም ማጽዳት አላስፈለገውም፤ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ከፋብሪካ እንደወጣ ይዘፍናል። ሰብሳቢዎች የሚሻሙበት ዓይነት። እማማ በጸጥታ ሰሙት፤ ሲያልቅ ስልኩን ለልጅቱ መለሱላት።

«አሁንም አይረባም» አሉ።